ለሦስት ጣት የተሠራ እጀታ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ይህ ደብዳቤ ከነጥቅሉ እጅህ ሲገባ አንተንም ቤተሰብህንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። ወገብህስ ተሻለህ? ልጅህ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ፍለጋ ታሯሯጣችኋለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ከማፍጠጥ ብዛት ዓይኔ ትንሽ ደከመኝ እንጂ። ልብስ ቆራጭ ከኮምፒውተር ምን አገናኛት ትል ይሆናል። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

አምና ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። የምግብ ቤቱን ሥራ ከተውክ ወዲህ ወጥ ቤት ዝር አላልክም አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ሽንኩርት ልትከትፍ ስትሞክር ቢላው ከእጅህ ሾልኮ ወደቀ፤ አንተም አንስተህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። የአንተ ሙያ ጣት ያስቆረጥማል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ከሥራ ቦታዬ ጀርባ አንድ ሽማግሌ በያጅ አሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ቢላ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩኝ ብላቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ጥፍርሽ ይጠቁራል» አሉኝ። ጠቆረ። ስለቱን ከአሮጌ መጋዝ ማውጣት ሁለት ከሰበርኩ በኋላ ገባኝ። ፍዳዬን ያበላኝ እጀታው ነው። ስድስት እንጨት አበላሸሁ። ሰውየው በመጨረሻ፣ «የኔ ልጅ፣ እንጨት እንደ ጨርቅ በክር አይሰፋም፤ መጀመሪያ የማያልቅ ነገር ላይ ተሳሳቺ» ብለው፣ ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ የንድፍ ፕሮግራም አሳዩኝ።

በምሳ ሰዓት በቢሯችን አሮጌ ኮምፒውተር ጀመርኩ። መጀመሪያ የሣልኩት እጅና እግር የሌለው ነገር ነበር። መስመር ታሰምርና ልኩን በቁጥር ትነግረዋለህ። ልክ ከጎደለው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ስትነካውም ይሸሻል፤ ሁሉም ልኩን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል። ጠርዙን ላለዝብ ብዬ ከፍ ያለ ቁጥር ስሰጠው ደግሞ እጀታው ድራሹ ይጠፋል። የሥራ ጓደኞቼ፣ «ዛሬስ ቢላሽን ማን ሰረቀሽ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

ግን የማንን እጅ ልለካ? እዚህ ላይ ይቅርታ ልጠይቅህ። ባለቤትህ «የልጃችን የትምህርት ቤት ሥራ ነው» ብላ እርጥብ ሸክላ አስጨብጣህ አልነበር? ልጅህ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ የለባትም። ያስላክሁት እኔ ነኝ። ደርቆ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ ደረሰኝ። አውራ ጣትህ ጠልቆ ገብቷል፤ ሁለቱ የዳር ጣቶችህም እንደዚያው። በመካከል ያለው ግን ማንም ያልነካው ልሙጥ ነበር። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

በማግስቱ ሸክላውን ከላይም ከጎንም ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተሩ ላይ አነጠፍኩትና በላዩ ሣልኩ። ልሙጡ ቦታ ላይ ለመዳፍህ እብጠት ሰጠሁት፤ ጫፉን ደግሞ ትንሿ ጣትህ እንድትይዘው ቆልመም አደረግኩት። አንድ ማክሰኞ የቀረችው አንዲት መስመር አረንጓዴ ስትሆን ከወንበሬ ተነስቼ ጮህኩ፤ አለቃዬ እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጣ። ንድፉን በልኩ አትሜ እንጨት ላይ ለጠፍኩና ቆረጥኩ። ሽማግሌው ጨብጠው ሲሞክሩት፣ «ይሄ ለማንም አይመችም፤ ሁለት ጣት ተረፈኝ» አሉ። ከዚያ አቀርቅረው ስለቱን ራሳቸው ሳሉልኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ሳልጽፍ ብዘጋው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለቱን ጣቶችህን ያጣህ ቀን ለእማዬም ለባለቤትህም፣ «የሥጋ መፍጫውን ሳላጠፋ እጄን የከተትኩት እኔው ጅሉ ነኝ» አልካቸው። እነሱም አመኑህ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳኸውም፤ እኔንም አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላየኸኝም። ያን ቀን ምግብ ቤቱ ድረስ ላግዝህ መጥቼ ነበር። ስገባ ወጥ ቤቱ ጨለምለም ብሎ ነበር። የመብራቱና የመፍጫው ማብሪያዎች ደግሞ በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ነበሩ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ቢላው ቢከብድህ ወይም ቢቆረቁርህ፣ ደስ ይበላት ብለህ ጥሩ ነው አትበለኝ። የት ላይ እንዳልተመቸህ በእርሳስ ምልክት አድርግበትና መልሰህ ላክልኝ። ንድፉ አለኝ፤ አንዱን ቁጥር ስቀይረው ሌላው አብሮት ይስተካከላል። እስኪመችህ ድረስ ደጋግሜ እሠራዋለሁ። ወይም ደግሞ ና በለኝና አጠገብህ ቆሜ ሽንኩርቱን እየላጥኩ አቀብልሃለሁ።

ፈጣሪ እጅህን ይባርክልኝ። የቤትህ ጠረን መንገደኛ የሚያስቆም ይሁን።

መልስህን በጉጉት የምትጠብቅ
ታናሽ እህትህ