አራት ችግኝ የሚይዝ መደብ

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰልሚያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከአንድ ጥርስና ከስልኬ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የችግኝ ሻጯ የሀሊሜ ልጅ ሳሌሃ ናት።

አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለጉልበቴ አዝኖ በብሎኬት ከፍ አድርጎ የሠራልኝን የአበባ መደብ ታውቂዋለሽ። ቢበዛ አራት ችግኝ ይይዛል። «ለመውሊድ ስመጣ አብቦ ልየው» ስላልሽኝ ሀሊሜ ዘንድ ሄድኩ። ጽጌረዳ አማረኝ።

«ጽጌረዳ በዚህ ክረምት ቅጠሉ ይጠቁርና ይረግፍብሻል። ዳሊያ ውሰጂ። መደብሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም፣ ሥሩ አይበሰብስም» አለችኝ።

ሁለት ቀይ ዳሊያና ከኋላ የሚቆም አንድ ቢጫ ካና ወሰድኩ። አራተኛውን ግን በግትርነቴ ጽጌረዳ አደረግኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ስተክል ሳኒ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ። ክንድሽን ሰብሮ ከአገር ያስወጣሽ ሳኒ፣ ከፈታሽው በኋላም «ሚስቴ» ማለቱን አልተወም።

«የት አገር ደበቅሻት?»

«መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል» አልኩት።

ዳሊያውን ከነሥሩ ነቅሎ ፊቴን ገረፈኝ። ሻርፔን ይዞ ፊቴን መደቡ ውስጥ ደፈቀው። አፌ አፈር ሞላ፣ ጥርሴ ብሎኬቱ ላይ ተሰበረ። መኮትኮቻው እጄ ላይ ነበርና ወደ ኋላ ሰነዘርኩት። ጆሮውን ለሁለት ከፈለው። ደሙ ችግኞቹ ላይ ሲፈስ፣ እሱም እንደ ሕፃን ሲጮህ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ በጣም ደስ አለኝ። ስልኬን ከመደቡ ጠርዝ ላይ አንስቶ ሮጠ።

ትናንት ከጁምዓ በኋላ አጎቱ አብዱልሃፊዝ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«ባሂራ፣ ደም ፈሷል። ልጅቷ ትምጣና ይታረቁ፤ እሱም የከፈተብሽን ክስ ይተዋል።»

«ልጄ የጆሮ ካሳ ናት እንዴ?» አልኩት።

ሽማግሌዎቹን ጥያቸው ተነሳሁ። ሽማግሌ ረገጠች ይበሉኝ። ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤ ማሰሩን ያስሩኝ ይሆናል፣ አልዋሽሽም፣ ፈርቻለሁ። ዳሊያዎቹን ግን በእንጨት ደግፌ መልሼ ተክያቸዋለሁ። ጽጌረዳው ተጨፍልቆ ሞቷል፤ ሀሊሜ በቦታው ሦስተኛ ዳሊያ ሰጠችኝ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። በእኔ ቁጥር የሚደውልልሽ እኔ አይደለሁም። «እናትሽ ታማለች፣ ድረሽ» ይሉሻል። አገራችን ለሞተ ሰው ታመመ እንደሚባል ታውቂያለሽና ልብሽ ይደነግጣል፣ ሮጠሽ ትኬት ትቆርጫለሽ። ሳኒ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ኤርፖርት ድረስ ሄዶ እንደሚጠብቅሽ ለሰው ሁሉ ይናገራል።

ለመውሊድ አትምጪ። ታሰረች ቢሉሽም አትምጪ። እውነት ብሞት እንኳ አትምጪ። እኔን የሚቀብሩኝ ጎረቤቶች ሞልተዋል፤ እኔ ግን አንቺን መቅበር አልችልም።

አላህ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ፣ ከሚያዝንልሽ ሰው ጋር ያኑርሽ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
ባሂራ