የሮዚና ሳህን

ፊላዴልፊያ፣ መጋቢት 1797

ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ከአባባ ቀብር ወዲህ ብቻሽን እንጨት እንዳትሸከሚ ለጎረቤቶችሽ መልእክት ልኬ ነበር፤ ደርሷቸው ይሆን? እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሮዚናም አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ምላሷ ምላጭ ሆኗል።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ አባባ እስኪሞት ድረስ ስለ እኔ ክፉ ቃል ከአፉ እንዳልወጣ፣ ያን ጊዜ ሮዚናን ሊያይ ከተማ ወርዶ ሲመለስም «ቤታቸው ዝግ ነበር» ብሎ እንደ ነገረሽ ጽፈሽልኛል። ቤቱ ዝግ አልነበረም። የሆነውን እንደ ሆነው ልንገርሽ።

ሮዚና በተወለደች በሁለተኛው ወር ነው። አማቴ ወዳጆቿን ለሻይ ጠርታ ነበር። በዚህ ከተማ ሰው የሚመዘነው በስኒው ነው፤ እንግዳ ገበታ ላይ ሲቀርብ ሰው ዞር እስኪል ጠብቆ ሳህኑን ገልብጦ ከሥሩ የሠሪውን ማህተም ያያል። አማቴ ከቻይና የመጣውን ሰማያዊ ስኒ ደርድራለች። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ከእንግዶቹ አንዷም አታውቅም። «ስለ ዘመዶችሽ ባይነሳ ይሻላል» ብላኝ ነበር አማቴ፤ እኔም አላነሳሁም።

አባባ በፊት ለፊቱ በር ገባ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ በብብቱ በገለባ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሠራተኛዋ ሳታስቆመው እንግዶቹ ያሉበት ክፍል ደፍ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ሃልስቴድ የምትባለው ቀድማ አየችውና «ምነው፣ የሸክላ ሻጩም መግቢያ በዋናው በር ሆነ እንዴ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አባባ እኔን አየኝ። ከእኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን አስተካከልኩ።

እሱም ባርኔጣውን አወለቀና «ይቅርታ እመቤቶቼ፣ በሩን ተሳስቼ ነው» አለ። ገለባውን ፈታው። ቀይ ሳህን ነው፤ ወፍና የቱሊፕ አበባ በነጭ ጭቃ ተስሎበታል፤ ዙሪያውን በእኛ በጀርመኖቹ ቋንቋ ተጽፎበታል። ወይዘሮ ሃልስቴድ «ለወጥ ቤቴ ይሆነኛል፤ ጽሑፉ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«የሸክላ ሠሪ ቀልድ ነው እመቤቴ፤ ቁም ነገር የለውም» አላት።

እኔ ከተቀመጥኩበት አነበብኩት። «ሮዚና፣ የልጄ ልጅ፣ ከዚህ በልተሽ እደጊ» ይላል።

ሸጠላት። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ እመቤቴ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለኝ። አባቴ «እርስዎ» አለኝ። የለም አልኩት።

ይህን ለማንም ሳልነግር ዓመታት አለፉ። የአባባን ሞት የሚነግረው ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ወይዘሮ ሃልስቴድ ቤት ሄጄ ሳህኑን ጠየቅኋት። «ያንን? ዶሮዎቹ ፍርፋሪ ይበሉበታል እኮ። ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ።

«የሠራው አባቴ ነው። የተጻፈበትም የልጄ ስም ነው» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝና «ያ ሰውዬ?» አለች።

«አዎ፣ ያ ሰውዬ።»

ሠራተኛ አላዘዘችም፤ ራሷ ሄዳ አጥባ አመጣችልኝ። ጠርዙ ተሸርፏል። ወሬው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ አማቴ ጆሮ ደረሰ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸፍንልሽ ኖሬ፣ ገላጯ ራስሽ ሆንሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ባለቤቴ ደግሞ «ምነው አሁን? ሰውየው እንደሆነ ሞቷል» አለ። ልክ ነው።

ሮዚና ገንፎዋን በሳህኑ ትበላለች። «ወፏን ማን ሣላት?» እያለች ታደርቀኛለች፤ አያትሽ ነው እላታለሁ። ቁመቱ ስንት ነበር፣ ይዘፍን ነበር ወይ፣ ትለኛለች። የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የቀረውን አንቺ ትነግሪያታለሽ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲደርቅ ይዣት ልመጣ አስቤአለሁ፤ ብትፈቅጂልኝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሮዚና እንደ ተወለደች በየደብዳቤሽ «መቼ መጥተን እንያት?» ትዪኝ ነበር። ሰሞኑን የላክሻቸውን ሁሉ አውጥቼ አንብቤአቸዋለሁ። አባባ ከከተማ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ቤቱ ዝግ እንዳልነበረ አንቺም ታውቂ ነበር ማለት ነው።

ፈጣሪ ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለቤትሽ ሙቀት አያሳጣ። ያሳደጉኝ እጆችሽ ይባረኩ።

ልጅሽ