መቀናጆ ያጣው በሬ

ልጄ ውባለም፣ የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የሰው አገር እንጀራ ይባረክልሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ከአምናው ይሻላል። ስልኩ እንደተቋረጠ ስለሆነ ይህን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት።

መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል። ማዳበሪያም ዘንድሮ አልደረሰንም። ጦርነቱ ዛሬ ነገ ያባራል ስንል ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ።

ስልኩ ሳይዘጋ፣ በሬያችን ዳልቻው ተወሰደ ብዬሽ ነበር። አልተወሰደም፤ ሸጥሁት። ከታች ሰፈር ታጣቂዎች በሬ ነድተው ሄዱ ሲባል ፈራሁና እብናት ገበያ አውጥቼ በርካሽ ሰጠሁት። መቀናጆዬን አያ ፈንታሁንን፣ በሬውን ከበሬያችን አጣምሮ የሁለታችንንም መሬት ሲያርስ የኖረውን ሰው፣ አላማከርሁትም። በማግስቱ በሬውንና ቀንበሩን ይዞ ደጄ ሲቆም አፈርሁና «ታጣቂዎች ወሰዱብኝ» አልሁት። በዚህ ዘመን ይህን የማያምን የለም።

አንድ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል? መሬቱን በዶማ ሲቆፍር ከረመ፤ ግማሹ ጦሙን አደረ። ይኸው ሰው ባለፈው ሰንበት «አንቺስ የተዘረፍሽ ሰው ነሽ» ብሎ ከዚያችው ገብሱ አንድ ቁና አመጣልኝ። እስካሁን አልፈጨሁትም። የእሱም በሬ ለምዶበት ማለዳ ማለዳ እየመጣ በራችን ላይ ይቆማል።

ስልኩ ሲከፈት አያ ፈንታሁን ስለ በሬው ሊያጽናናሽ ይደውላል። እውነቱን አንቺ ንገሪልኝ፤ የእኔ አፍ እምቢ ብሏል። እኔን ካገኘኝ ኀፍረት አንቺን ይሰውርሽ።

እናትሽ ዘነበች