የአክስቴ ዘበኞች

ሰኞ
እምቢ አለች። ያሳደገችኝ አክስቴ ፋጡማ፣ የመቂዋ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ ስድስት ወር ደብቃኛለች። እኔ ደግሞ አዳማ ሆስፒታል ቁጭ ብዬ የሰው እብጠት በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ! በግኛለሁ። ናሙና ስጪ ስላት "ብረት ከነካው ይሰራጫል" ትላለች። መርፌም ብረት ነው አለችኝ።

በስልክ በእሷው የነጋዴ ቋንቋ ሞከርኩ። ካንሰር መጋዘን የገባ ሌባ ነው፤ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ዘበኞች ናቸው። ሲያሳድዱት ልብስ ይቀይራል። ቀስ ብሎ ያለማምዳቸዋል፣ ያስተኛቸዋል፣ አንዳንዶቹንማ ቀለብ አቅራቢ ያደርጋቸዋል። "አስብበታለሁ" አለች። አሳምኛታለሁ፤ እኔ እኮ ነኝ!

ማክሰኞ
ጉድ ፈላ። የአክስቴ መጋዘን ዘበኛ ጋሽ ገመቹ ደወሉ። "ማል ባሌሴ? ምን አጠፋሁ ልጄ? በአንቺ ምክር አባረረችኝ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ለአክስቴ ደወልኩ። "ዘበኛ ከሌባ ጋር ይሻረካል አላልሽም? እሱም ከደላሎቹ ጋር ሲቅም ነው የሚውለው።" ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ዘበኛ አይባረርም አልኳት፤ ይቀሰቀሳል እንጂ። ግን መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ማየት ነው፣ መርፌው ለዚያ ነው። ሌባው ሰፈሩን የሚያዳርሰው በር ስለተከፈተ አይደለም፣ ሳይነካ ስለቆየ ነው።

"ገመቹን ምን ብዬ ልመልሰው?" አለች።

ረቡዕ
መጣች! በሚኒባስ፣ ከጋሽ ገመቹ ጋር። መርፌው ሲገባ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ አሁንም ያመኛል። እሳቸው "ዘበኛዋ ነኝ" ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ነርሷ ሳቀች።

ሐሙስ
ምንም። ናሙናው ገና እየተዘጋጀ ነው። ምሳ አልበላልሽ አለኝ።

ዓርብ
ካንሰር ነው። ከአለቃዬ ጋር አየነው። ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ግን ትንንሾቹ ክብ ዘበኞች ዳር አልቆሙም፤ በካንሰሩ ሴሎች መሃል ተሰግስገዋል። አለቃዬ "ይሄስ ጥሩ ምልክት ነው" አለኝ። አምኜዋለሁ።

ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋትም።

"ዘበኞቹ ውስጥ ገብተዋል?"

"ገብተዋል።"

"ነቅተዋል ወይስ ተኝተዋል?"

እሱን የናሙናው መስታወት አያሳየኝም አልኳት። ማይክሮስኮፕ ስር የነቃውም የተኛውም ባለበት ቆሞ ነው የሚታየው።

"በይ ለኦፕራሲዮኑ ቀን አስይዢልኝ" አለች። "ብረቱ ይምጣ።"