ደሜ የበራ ዕለት

እንደ አባት ላሳደጉኝ ወንድሜ ለአያ የሻው፤ ሐረር።

አያ የሻው፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎ? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነላት? የሐረር አየር ተስማማት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ስለምውል የጎንደር ብርድ ጣቶቼን ሰነጣጠቃቸው እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

የባሌ የዳኛው እህት የዓለምወርቅ ሁለት ወንዶች ልጆቿ በእባጭና በመግል ሲሞቱባት፣ ስንዱ ቡዳ ናት፣ በላችብኝ ብላ ደባርቅ ገበያ ላይ ስሜን እንዳጠፋች ያውቃሉ። ባሌ ዳኛው ቃሏን አምኖ በክረምት ዝናብ ከቤቱ ሲያስወጣኝ እሷ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ያን ፊቷን ይዤ ነው ጎንደር የገባሁት።

በጥቅምት ሦስተኛ ልጇን፣ አንገቱ አብጦ፣ አዝላው እኔ ወዳለሁበት ሆስፒታል መጣች። ስታየኝ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችው።

እዚህ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ዶክተር ወልደ ዮሐንስ የሚባል ሐኪም አለ። እንደ እሱ አነጋገር፣ ደማችን ውስጥ የበሽታ ተሕዋስያንን የሚውጡ ሕዋሳት አሉ፤ ከዋጧቸው በኋላ ከአየሩ ኃይለኛ ኦክስጅን ሠርተው ያቃጥሏቸዋል። እሱ የያዘው ዱቄት ደግሞ ያ ኦክስጅን ሲነካው ያበራል። ብርሃኑ ለዓይን ደካማ ስለሆነ በመሣሪያ ይለካል። ከልጁ ደም ጋር የሚያስተያየው የጤነኛ ሰው ደም ሲፈልግ እኔ ክንዴን ዘረጋሁ። የዓለምወርቅ፣ "የእሷ ደም ከልጄ ደም አጠገብ አይቀመጥ" አለች። ሐኪሙ ግን አልሰማትም።

ጨለማ ክፍል አስገባን። በእኔ ደም ላይ ዱቄቱን ሲጨምር የመሣሪያው ጠቋሚ መርፌ ብድግ አለ። በልጁ ደም ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። የልጁ ሕዋሳት ይውጣሉ፣ የሚያቃጥሉበት ግን የላቸውም፤ ሲፈጠር ጀምሮ ነው አላት። ወንድሞቹንም የገደላቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም አለ። ይህ በሽታ እናቲቱን ሳያሳምም ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚተላለፍም ነገራት።

ደጅ እንደወጣን እግሬ ላይ ወደቀች። "ስምሽን እመልሳለሁ። ከእናት ነው ያለውን ግን ለባሌ አትንገሪብኝ፤ ያስወጣኛል" አለችኝ።

"እኔን ሲያስወጡኝ በር ላይ ነበርሽ" አልኋት። ቃል ሳልሰጣት ወደ እጥበቴ ተመለስሁ።

ለኅዳር ሚካኤል በጭነት ማኪና ደባርቅ ወጣሁ። ቄስ ተክለ ጊዮርጊስና ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት፣ በሐሰት ስሟን አጥፍቻለሁ፣ ስንዱ ንጹሕ ናት ብላ የዓለምወርቅ በገዛ አፏ ተናገረች። ባሏ አድማሴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ታዲያ በሽታው ከየት መጣ?" አለኝ። አያ የሻው፣ ፊቷ አመድ ሲመስል ባዩልኝ። ነጠላዬን እያስተካከልሁ ጥቂት አቆየኋት። ከዚያ "ሐኪሙን ጠይቀው" ብዬ ተቀመጥሁ።

እስካሁን አልጠየቀም። እሷ ግን አንድ ቀን እንደሚጠይቅ ታውቃለች። ሆስፒታል የተኛውን ልጇን ልታስታምም ስትመጣ ባየችኝ ቁጥር እጄን ልትስም ትጠጋለች፤ አልሰጣትም። ዳኛውም ተመለሺ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ ከደጅ መለስኋቸው። ልጁ ግን ምን አደረገኝ? አንሶላውን ለይቼ በፈላ ውሃ አጥብለታለሁ፤ ሸጋ ልጅ ነው።

ስለዚህ በደብዳቤዎ ከሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ ጠመንጃዬን ይዤ እመጣለሁ ያሉትን ይተዉት። ጥይት በአንድ ቀን ያሳርፋታል፤ እኔ እንድታርፍ አልፈልግም።

ለባለቤትዎ ለእትዬ ሸዋአየሁ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ በላከችው ልብስ ስለደረሰችልኝ እግዜር ይስጣት። ልጅዎን እንኳየሁን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ትንሹ ዋኘው ቆሞ መሄድ ከጀመረ ይጻፉልኝ። ለእናታችን ስሜ እንደተመለሰ በጆሮዋ ይንገሯት። ሌላውን አይንገሯት፤ ይቅር በያት ትለኛለች።

እህትዎ ስንዱ
ጎንደር፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.