ደጅ ያልቆመችው ምራት

ለእታለም በለጥሻቸው፣

የመካነ ሰላም ብርድ የማያቀዘቅዘው ሰላምታዬ ሐዋሳ ካለሽበት ይድረስሽ።

እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ተወቅቶ ገባ። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታኝ፣ «የብዙ ሴቶች ሕመም ነው፤ በእግርሽ ሂጂ፣ ስኳርም ቀንሺ» ስላለችኝ ያን የምታውቂውን ዳገት በየማለዳው እወጣለሁ፤ ጎረምሳ አይቀድመኝም!

አማቴ፣ «ምራቴ አምስት ወር ሙሉ አንድም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልቆመችም፤ ሁሌም ውስጥ ገብታ ነው የምታስቀድሰው» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ምርጡን ገብስም ለአራስ ገንፎ ብለው ለይተው አስቀመጡ። ደስታቸውን መንጠቅ አቅቶኝ ነው እንጂ፣ ሐኪሟ ያለችኝን እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አልፈራም።

ጉልበትሽን ስሜ ልሰናበት። በጸሎትሽ ስታስቢኝ ግን፣ እንደ ሴቱ ሁሉ በየወሩ አንድ እሑድ ውጭ ቆሜ እንዳስቀድስ ለምኚልኝ።

እህትሽ ጸደንያ