ይድረስ ለአሥራ ሁለት ቮልቱ ኃላፊያችን

ለተከበሩ የሐይቅ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤንነትዎ እንዴት ነው? ሐይቁን በመኪና ዞረው ስለሚሻገሩ ደህና መሆንዎን ባልጠራጠርም፣ መጠየቅ ወግ ነውና ጠየቅሁ። እኔ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የማስተምር፣ ባለፈው ማክሰኞ ምጥ የያዛትን የወንድሜን ሚስት ይዤ ወደ ማዶው ሆስፒታል በጀልባዎ የተሳፈርሁ መንገደኛ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. የጀልባው ትልቅ ባትሪ ሲሞት በምትኩ ለሞተር ብስክሌት የምትሆን ትንሽ ባትሪ ስላስገዙልን እናመሰግናለን። ነጂው ቢሮዎ ድረስ መጥቶ «ጌታዬ፣ ይቺ ይህን ሞተር አታነሣም» ቢልዎ፣ «ያኛውም አሥራ ሁለት ቮልት፣ ይቺም አሥራ ሁለት፤ ምን ጎደለህ?» ብለው እንደሸኙት ነግሮኛል። እኛ በተሳፈርንበት ማክሰኞ ሞተሩን ያስነሣው ወደቡ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ባትሪ ተበድሮ ነበር።

2ኛ. በቁጥሩስ አልተሳሳቱም። በሁለቱም ባትሪዎች ውስጥ ስድስት ስድስት ሴሎች አሉ፤ አንድ ሴል ትልቅም ይሁን ትንሽ ሁለት ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ በተርታ ተያይዘው አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ልዩነቱ በሴሉ ሆድ ውስጥ ነው። አሲድ ውስጥ የተነከሩት፣ ፕሌት የሚባሉት የእርሳስ ዝርጎች በበዙና በሰፉ መጠን ባትሪው ብዙ ይይዛል፤ ሞተር ለማስነሣት የሚያስፈልገውንም ብርቱ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ጥቂትና ጠባብ ከሆኑ ቮልቱ ሥራ እስኪሰጡት ድረስ ብቻ ሙሉ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበቃኛል፤ ለክቡርነትዎ ግን ሐይቅ፣ አረምና ምጥ አስፈልጓል።

3ኛ. መሐል ሐይቅ ላይ አረም በጀልባው መዘውር ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን አጠፋው። ነጂው አረሙን በቢላዋ ቆራርጦ ቁልፉን ቢያዞር፣ ባትሪዎ አንዴ «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። የወንድሜ ሚስት እጄን ጨምድዳ ይዛ «እትዬ፣ ደረስን እንዴ?» ስትለኝ፣ «እየደረስን ነው» ብዬ ዋሸኋት። ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሸራ ዘረጉልን፤ አንዲት አትክልት ሻጭ አጠገቤ ተንበረከከች። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁራ ወጣች። አትክልት ሻጯ እትብቱን ፈትታ ጀርባዋን ደጋግማ ብታሻት አለቀሰች። ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው አወጡን። እናቲቱ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ይኸው እስካሁን ከሆስፒታል አልጋ አልተነሣችም።

4ኛ. ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ይላሉ ብለን ሰግተን ነበር፤ እርስዎ ግን ፈጥነው «ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ አጥፍተሃል» በማለት ነጂውን ከሥራ አገዱት። ለዚህ ቆራጥነትዎ ማመስገኛ ቃል አጣሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሱት። ለምስክርነት የዚያን ቀን ተሳፋሪዎች በሙሉ ደጅዎ ድረስ ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ቸርነትዎ እንዳይለየን፣ ከተቻለም ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆይልን የምትመኝ፣

በየብስም በሐይቅም አክባሪዎ፣
የኤሌክትሪክ መምህርቷ

ማስታወሻ፦ ልደት የሚመዘግቡት ሰው «ሐይቅ ላይ» ተብሎ አይጻፍም፣ የታወቀ አድራሻ ስጡ ስላሉን፣ የሕፃኗ የትውልድ ቦታ የእርስዎ ቢሮ እንዲሆን አድርገናል። ስታድግ የተወለደችበትን ክፍል ለማየት ብትመጣ፣ እባክዎ ስድስቱንም ሴሎችዎን አስነሥተው ይጠብቋት።